ወደ ታች የወረደው ዓመት

በጥር 2015 ዓ.ም የትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ሲያሳውቅ አገሩ ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ በመቶኛ 3.3። በ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። የሚቀጥለው ዓመት ውጤት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ለድንጋጤው ማብራሪያ ወዲያው ተገኘለት። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ስለተፈተኑ ኩረጃ ቀረ፣ ያለው እውነት ወጣ ተባለ። ልክ ነው። ነገር ግን የኩረጃው መቅረት ድክመቱ መቼ እንደታየ ይነግረናል እንጂ መቼ እንደተፈጠረ አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ሃያ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ብዙ ያልተወራለትን አንድ ውሳኔ ማየት ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲሰጥ የተወሰነበትን።

ከዚያ በፊት የነበረውን ሥርዓት የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ተማሪው 12ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ ይፈተናል፤ ነጥብ የመጣለት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍሬሽማን ይሆናል። ፍሬሽማን መሆን ምቾት አልነበረውም። ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትምህርት በአንድ ላይ ይወርዱበታል፤ በግማሽ ዓመቱ ማብቂያ ላይም ስንቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያም ሆኖ ያ ዓመት ሁለት ነገር ይሠራ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ተበታትነው የተማሩትን ልጆች አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቤተ ሙከራና አንድ መምህር ፊት ያገናኛል፤ መጽሐፍ ሳያይ ያደገውንም ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር ለማስተካከል የመጨረሻ ዕድል ይሰጣል። ሁለተኛው ሥራው ማጣራት ነው። ማን እንደሚዘልቅ የሚወስነው አስተማሪው ራሱ ነበር፤ ተማሪውን በዓይኑ እያየ፣ የጻፈውን በእጁ እያረመ።

የ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን ሁሉ ቀየረ። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ የተባለ የከፍተኛ ትምህርት ማዘጋጃ ሆኑ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ1993 ተጀመረ፣ መሰናዶ በ1994 ተከፈተ፤ የመሰናዶ ፍሬዎች በ1996 ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ፍሬሽማን የሚባል ዓመት አልጠበቃቸውም። አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ሦስት ወረደ።

የፖሊሲው አውጪዎች ሞኞች አልነበሩም። በዚያ ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና አለማያ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አልጋና ምግብ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ታዲያ ከሚገባው ውስጥ ብዙው በመጀመሪያው ዓመት የሚባረር ከሆነ፣ ያንን ዓመት ልጁ ከእናት አባቱ ቤት እየተመላለሰ ቢማረው ገንዘብም ቦታም ይተርፋል። እንግሊዝን የመሰሉ አገሮችም በሦስት ዓመት ያስመርቃሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል።

ሒሳቡ ግን ሲታይ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእንግሊዙ የሦስት ዓመት ዲግሪ የቆመው በአሥራ ሦስት ዓመት ትምህርት ላይ ነው። የእኛ ተማሪ ግን 12 ዓመት ተምሮ አራት ይጨምር የነበረው፣ 12 ተምሮ ሦስት እንዲጨምር ሆነ፤ 16 የነበረው 15 ሆነ። ዓመቱ ወደ ታች ወረደ ይባላል እንጂ በሒሳቡ የትም አልወረደም፤ ጠፋ። ይዘቱ ግን መግቢያ ስለፈለገ ሌላውን ገፋ። 11ኛና 12ኛ ለፍሬሽማን ትምህርት እንዲለቀቁ፣ በአራት ዓመት ይሰጥ የነበረው ሁለተኛ ደረጃ በ9ኛና 10ኛ ክፍል ተጠቅጥቆ እንዲያልቅ ተደረገ። የ9ኛው የተወሰነው ወደ 8ኛ፣ የ8ኛው ወደ 7ኛ ተንሸራተተ። የዩኒቨርሲቲን አንድ ዓመት ለማትረፍ በተደረገ ለውጥ የተጨናነቀው የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ነው፤ ስለ እሱ ግን በወቅቱ የተከራከረለት ሰው ትዝ አይለኝም።

ወደ መሰናዶ የወረደው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የኮርሱ ርእስ ወርዷል። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል ገቡ፤ በ11ኛው ኬሚስትሪ የኳንተም የአቶም አወቃቀር ገባ፤ የናቹራሉ ተማሪ ቴክኒካል ድሮዊንግ፣ የሶሻሉ ኢኮኖሚክስ ይማር ነበር። ያልወረደው ደግሞ ርእሱን ትምህርት የሚያደርገው ነው። ዩኒቨርሲቲ ላይ ካልኩለስ የሚያስተምረው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ነበር። ለመሰናዶም የሁለተኛ ዲግሪ መምህር እንደሚያስፈልግ መንግሥት ራሱ ደንግጓል፤ ክፍል ውስጥ የተገኘው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ነው። ቤተ ሙከራ በብዙ ቦታ የተቆለፈ ክፍል ነው፤ ኬሚካሉ ካለ የሚሠራበት ባለሙያ የለም፣ ባለሙያው ካለ ውኃ የለም። ቤተ መጻሕፍቱም ከመማሪያ መጽሐፍ ያለፈ የሚያስነብበው ብዙ አልነበረም።

የከፋው ክፍል ቆይቶ የመጣው ነው፤ እስካሁንም በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። በ1996 የገቡት የሦስት ዓመት ተማሪዎች በ1998 ተመረቁ። ከእነሱም ብዙዎቹ አስተማሪ ሆኑ፤ የተመደቡትም እዚያው በመጡበት መሰናዶ ነበር። እነዚህ ወጣቶች የፍሬሽማን ካልኩለስን ዩኒቨርሲቲ ላይ አልተማሩትም፤ ተምራችሁታል ተብሎ ታልፏልና። የሚያውቁት ራሳቸው በመሰናዶ በተማሩት ልክ ነው፤ ያስተማሯቸው ደግሞ እንደነገሩ ያስተማሯቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ መምህራን ቢያንስ የአራት ዓመት ምሩቃን ነበሩ፣ ፍሬሽማን ሆነው ለፍተዋል። ሁለተኛው ትውልድ መምህር ሲሆን ያ ልፋት ከሥርዓቱ ውስጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምድብ ከቀደመው ትንሽ ትንሽ እያነሰ መሄዱ አይቀርም ነበር። ውድቀቱ በአንድ ዓመት ያልታየውም ለዚህ ነው፤ አንድ ዙር ለመዞር ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጃል።

መምህር እንደሌለ አቃጆቹ ያውቁ ነበር። ምስክሩ ፕላዝማ ነው። በ1997 በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ ይመጣ ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሐሉ የፕላዝማው ነበር። ልክ ያልሆነ ነገር ላለመናገር፣ ፕላዝማው ለገጠር ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ነገር ነበር። ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ የኬሚካል ቀለም ሲለወጥ አየ፤ ግራፉም በእጅ ከሚሣለው የተሻለ ነው። ያም ሆኖ ቴሌቪዥኑ አልገባኝም የሚለውን አይሰማም። ፍጥነቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ የተናጋሪው አነጋገር ለጆሮ እንግዳ ነው፣ መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ኢንተግራል ይዞት ሄደ ማለት ነው፤ ነገ የሚቀጥለው ከሌላ ርእስ ነው። አንድን ሐሳብ ሦስቴ መልሶ፣ በአማርኛ አስረድቶ፣ በኦሮምኛ አስረድቶ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚያስይዝ መምህር ሪሞት ያዥ ሆነ። ካልኩለስ እንደዚያ አይገባም። የታሪክ ትምህርት ይገባ ይሆናል።

በዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹ በፍጥነት በዙ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። መብዛታቸውን የምነቅፍ አይደለሁም፤ በአንድ ዘመን ስንት ብሩህ ልጅ ወንበር ጠፍቶ ቀርቷል። ነገር ግን ወንበር ሲበዛ መሙላት ግዴታ ሆነ፤ ለመሙላትም መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ አለ። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ። ይህ የሰባ ሠላሳ ምደባ ቤተ ሙከራ በሌለው መሰናዶ ላይ የወረደ ነው። ፊዚክስ ያልሠራ ልጅ ኢንጂነሪንግ ተመደበ፤ ቀድሞ ቢሆን ፍሬሽማን ይመልሰው ነበር፣ ወይም ያስተምረው ነበር። ያኔ ግን የሚያጣራውም የሚያስተካክለውም ዓመት አልነበረም።

ያንን ዓመት የተካው የአንድ ሰሞን ፈተና ነው። ሰባት ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ መቶ፣ ድምር 700 ነበር፤ ሁሉም ምርጫ፣ ሁሉም በማሽን የሚታረም። የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ተምሯል የተባለ ተማሪ አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ፣ አንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ሳያሳይ ያልፋል። ፈተና ደግሞ ትምህርቱን ወደ ራሱ መልክ ይቀይራል። ተማሪው የቆዩ ፈተናዎች ጥራዝ ገዝቶ መልሱን ይሸመድዳል፣ መምህሩ ወርክሺት ያድላል፣ የቻለ ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፤ አራት ምርጫ ውስጥ ሁለቱን እንዴት ማስወጣት እንደሚቻል የሚያስተምር ጥበብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ለኩረጃም ከምርጫ ፈተና የበለጠ ምቹ ነገር የለም፤ አንድ ፊደል በጣት ይነገራል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በፌስቡክ ሲወጣ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ ክረምት ላይ እንደገና ተሰጠ። በ2011 ደግሞ ውጤቱ አጠራጣሪ ስለነበር ምደባው በአራት ትምህርቶች ብቻ ተደረገ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ ዕጣ በአራት ምርጫ ፈተና ሲወሰን ማየት ያሳፍራል።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ኤፒ የሚባል ትምህርት ሲወስዱ ያያሉ። እሱም የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1955 ጀምሮ ያካሂደዋል። ከእኛው ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ሀብት ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ ኤፒ ፈተናዎች ከምርጫው ጎን ተማሪው ራሱ ጽፎና ሠርቶ የሚያቀርበው ክፍል አለ፤ ያንን የሚያርሙት የኮሌጅና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አብረው ተቀምጠው ነው። ኮርሱን ተቀብሎ ክሬዲት መስጠት አለመስጠቱ የዩኒቨርሲቲው ፈንታ ነው። ዳርትመዝ ኮሌጅ ከእ.ኤ.አ. 2014 ገቢዎች ጀምሮ ለኤፒ ክሬዲት መስጠት አቁሟል፤ ማንም አላስገደደውም። ኤፒም የራሱ ችግር አለበት፤ በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ትምህርቶች የማለፊያው መለኪያ እንደገና ተስተካክሎ ያላፊው ቁጥር በአንዴ መጨመሩ እዚያው ብዙ አነጋግሯል። ነገር ግን እዚያ የወደቀ ልጅ የሚያጣው አንድ ኮርስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያው ኮርስ ይጠብቀዋል። እኛ ጋ ግን ኮርሱ ዩኒቨርሲቲው ላይ ተሰርዞ ነበር። ተማሪው ቢያውቀውም ባያውቀውም እንዳወቀ ተቆጥሮ ይቀጥል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹም እንቀበላለን አንቀበልም የማለት ዕድል አልነበራቸውም።

ጥፋቱን ሁሉ መሰናዶ ላይ መጫን ደግሞ ሐሰት ይሆናል። ችግሩ ከሥር የሚመጣ መሆኑን የሚያሳዩ መለኪያዎች አሉ። በአገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት በ1992 ከመቶ 48 ገደማ የነበረው በ2000 ወደ 41 ገደማ ወርዷል፤ የ8ኛ ክፍልም በዚያው ጊዜ ከ41 ወደ 36 ገደማ። ትምህርት ቤት ደርሶ የማያውቀው ሕዝብ ልጁን ሲልክ፣ ክፍል ሲጨናነቅ፣ መምህር ሲሳሳ አማካዩ መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ ሚሊዮኖች ፊደል መቁጠራቸውም ትልቅ ነገር ነው። የምለው ሌላ ነው። ከታች ያለው መሠረት እየሳሳ በነበረበት በዚያው ወቅት፣ ጉድለት የሚጠገንበትን ብቸኛ ዓመት ነው ያፈረስነው። ሁለቱ በተለያየ ዘመን ቢደርሱ ኖሮ ጉዳቱ ይህን ያህል አይሆንም ነበር።

መንግሥትም ቆይቶ አመነ። በ2010 ለውይይት የቀረበው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ፍሬሽማን እንዲመለስ መከረ፤ በ2012 ተመለሰ፣ ዲግሪውም ዳግም አራት ዓመት ሆነ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2011 በኋላ ቀረ። የአዲሶቹ ፍሬሽማን ዕድል አላማረም፤ ገና ሁለተኛውን መንፈቅ ሲጀምሩ በመጋቢት ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎቹን ዘጋ። ከዚያም ያለፈ ግን የተመለሰው ፍሬሽማን የሄደው አይደለም። ሒሳብና እንግሊዝኛ አሉበት፤ አጠገባቸው ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች፣ ሥራ ፈጠራ፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች፣ አካቶነት፣ የሰውነት ማጎልመሻ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ የሚጠላ የለም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዓመቱ የሁሉም ፍላጎት የተጣለበት ዕቃ ቤት ይመስላል። ካልኩለስ ያልገባው ልጅ የሚያስፈልገው ለካልኩለስ የሚሆን ረጅም ሰዓትና ልምምድ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ3.3 በመቶ ውጤት ዩኒቨርሲቲዎቹን መሙላት ስለማይቻል ከ2015 ጀምሮ ሬሜዲያል መጣ፤ ግማሹን ነጥብ ያላመጡ፣ የተሻለ የተባለ ውጤት ያላቸው 100 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት እንዲከልሱ ተደረገ። በ1994 የሁለተኛ ደረጃ መምህር የዩኒቨርሲቲን ትምህርት እንዲያስተምር ተጠየቀ፤ በ2015 የዩኒቨርሲቲ መምህር የሁለተኛ ደረጃን እንዲያስተምር። ይተርፋል የተባለው የአልጋና የምግብ ወጪም ተመልሶ መጣ፤ ከነወለዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተሰጠው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ያሳለፈው 40.65 በመቶውን ነው። እነዚህ ተመራቂዎች ደግሞ በአብዛኛው በመሰናዶ ያለፉ ናቸው።

ይህን ሁሉ ብዬ የኮሌጅ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይሰጥ ለማለት አልፈልግም። በንጉሡ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የበእደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ከየአገሩ የተመረጡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር፤ ከዚያ የወጡ ሰዎች በየሙያው ስማቸው ይጠራል። ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በ12ኛ ክፍል ፈተና ጎልተው የሚታዩ ናቸው። የተመረጠ ልጅ የትም ቢማር ያልፋል ሊባል ይችላል፤ በከፊል እውነት ነው። ግን ልጁ ብቻ አይደለም የተመረጠው። ቤተ ሙከራው አጠገቡ ነው፣ ጥያቄ የሚመልስለት መምህር በአካል አለ፣ የሚማረው ቁጥሩ ትንሽ ነው። እነዚህ ባሉበት ቦታ የኮሌጅ ኮርስ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይሰጣል። በሌሉበት በመላው አገሪቱ ላሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ማወጅ ግን የኮርሱን ስም ብቻ ማደል ነበር።

ለትምህርት ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የላካቸው ልጆች ፍሬሽማን ላይ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ ምን እንዳመጡ በየዓመቱ ይታተም፤ መረጃው በየሬጅስትራሩ ኮምፒዩተር ውስጥ አለ፣ የሚያስፈልገው ማውጣት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሩብ ያህሉ እንኳ በእጅ የሚጻፍ ይሁን፣ የሚያርሙትም የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው ይሁን። ወጪ አለው፤ ከሬሜዲያል ግን አይበልጥም። እነዚህ ሁለቱ ሳይደረጉ ሌላ ዓመት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እናዛውር የሚል አዲስ ፍኖተ ካርታ ከመጣ፣ መምህራንም ወላጆችም አስቀድመው አንቀበልም ሊሉ ይገባል።